ኦርጅናሉን ያልጠየቅሁት ሐኪም

ነገሩ ከሆነ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በሰኔ እርሻ ተጀምሮ እስከ ጥቅምት የዘለቀ ጣጣ ነው። ሰው ክፉ ቀኑን ቶሎ ይረሳል ይባላል፤ እኔ ግን እንዳልረሳው የሚያደርገኝ በየቀኑ ቢሮ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ ነው። ሥራዬ የሰው ወረቀት መመርመር ነው።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ሠራተኛ ነኝ። ለቅጥርም ሆነ ለእድገት የሚመጣ ሰው ዲፕሎማውንና ዲግሪውን የሚያቀርበው ለእኔ ነው። ማኅተሙን አያለሁ፣ ቀኑን አያለሁ፣ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ፊቴ የቆመው መሆኑን አያለሁ፤ ከተጠራጠርኩ ወደተማረበት ኮሌጅ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዞ የመጣውን «ኦርጅናሉን ይዘህ ና» ብዬ እመልሳለሁ። ከወገዳ ድረስ በዚያ መንገድ ተንገላቶ የመጣውን ሳይቀር መልሻለሁ። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው አይወደኝም፤ ከኋላዬ «ኦርጅናሏ» እያሉ እንደሚጠሩኝም አውቃለሁ። አልተቀየምኩም። እንዲያውም በልቤ እኮራበት ነበር።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ደብር ድጓ ያስተምራሉ፤ አገሬው «የኔታ» ይላቸዋል። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። ታናሽ ወንድሜ ይግዛው ከአባቴ ጋር ሆኖ እርሻውን ይዟል። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሲያርስ የትልሙ መሥመር ስለማይዛባ ጎረቤት ሁሉ የሚያደንቀው ልጅ ነው።

በዚያ ሰኔ ይግዛው እንቅልፍ አጣ። ምግብ ቀርቦለት ትቶ ይነሣል፤ ብቻውን ያወራል። «ሰዎች በስልካቸው ስሜን እያነሱ ይስቁብኛል» ይለን ጀመር። ስልክ የሌላቸውን ሽማግሌዎች ሳይቀር ይጠረጥር ነበር። አንድ ቀን በሬዎቹን እንደተጠመዱ ማሳው መሃል ትቷቸው ሄደ። ጎረቤት አይቶ ፈታቸው። እሱ ራሱ በማግሥቱ ሌላ ቀበሌ፣ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ተገኘ።

አባቴ ጠበል ይዘውት ሄዱና ሁለት ሱባኤ ቆዩ። ንዴቱ ትንሽ በረድ አለለት፤ እንቅልፉ ግን አልተመለሰም። አጥማቂው ቄስ ራሳቸው «የኔታ፣ ሐኪምም ይየው፤ ሐኪሙንም የፈጠረ እሱ ነው» አሏቸው። አባቴ ተስማሙ። የቀረው ሐኪም መፈለግ ብቻ ነበር።

በዚህ መሃል የእናቴ ወንድም አጎቴ ፈንታ እየተቻኮለ መጣ። ከተማ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ገብቷል፣ ቤት ተከራይቶ «የአእምሮና የነርቭ ሕክምና» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል፣ ሰውም እየጎረፈለት ነው አለን።

የአባቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ልጅ ነው?» የሚል ነበር።

በእኛ አገር ሰው የሚጣራው እንዲህ ነው። ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ክርስትና ለማስነሣትም፣ ሌላው ቀርቶ በሬ ለመቀናጀትም የሰውየው ዘር ይጠየቃል። አጎቴ ፈንታ በዚህ የሚችለው የለም፤ መቁጠሪያ እንደያዘ መነኩሴ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ጀመረ። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ወደ እናቱ ወገን ዞረ፤ በመጨረሻ የሐኪሙ ቅድመ አያትና የእናቴ ቅድመ አያት እህትማማቾች ሆነው ተገኙ።

«በቃ፣ ደማችን ነው፤ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አለ አጎቴ። አባቴም የእናቴ ወገን መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ።

እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ «ለመሆኑ የት ነው የተማረው?» አልኩ።

«እንግዲህ ጀመራት ኦርጅናሏ» አለ አጎቴ። ቤቱ ሳቀ። ይግዛው እንኳ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ዝም አልኩ። ዘመድን ወረቀትህን አሳየኝ ማለት ፊቱ ላይ እንደመትፋት ይቆጠራል፤ ያን ለማድረግ ወኔ አጣሁ።

ይግዛውን ይዘን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ሲያዩት ደስ ይላል። ነጭ ጋውኑ ንጹሕ ነው፤ ገና ስንገባ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ። የእናቴን ስም አንሥቶ «ነፍሷን ይማር» አለ። ከጀርባው ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተሰቀሉ ሦስት ወረቀቶች ነበሩ። ከወረቀቶቹ ሁለት ክንድ ርቄ ነው የተቀመጥኩት። ወረቀት ባየች ቁጥር ዓይኗ ማኅተም የሚፈልግ ሴት፣ ያን ቀን ዓይኔን ሲሚንቶው ላይ ተክዬ ዋልኩ። የዘመድ ግድግዳ ማንበብ ነውር መሰለኝ።

ከይግዛው ጋር ያወራው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ መርፌ ወጋው፤ በወረቀት የተጠቀለለ ስም የሌለው ኪኒንም ሰጠን። በየሳምንቱ እየመጣ እንዲወጋ አዘዘ።

ይግዛው ተኛ። ከወር ተኩል በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተኛ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ቢሮ ውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ «እዚያ ወሰድኩት፣ ተሻለው» እያልኩ አወራሁ። ጉዳይ ለማስፈጸም የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ የቤቱን አቅጣጫ እየጠየቁኝ ሄዱ። እኔም በር ድረስ ወጥቼ በጣቴ አሳየሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ተለወጠ። ይግዛው እግሩን እየጎተተ መሄድ ጀመረ። ለሃጩ ይወርዳል፣ ጉርሻ አፉ እስኪደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፊቱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ቢስቅ አይታወቅ፣ ቢከፋው አይታወቅ። ሐኪሙን ስንጠይቀው «መድኃኒቱ በሽታውን እየገፋ እያስወጣው ነው፤ አትፍሩ» ብሎ መርፌውን ጨመረበት። እኛም እሺ ብለን ተመለስን። ይህን ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል።

መስከረም ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ይግዛው መርፌውን ተወግቶ እኔ ቤት ምሳ ሊበላ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ እንደጎረሰ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ። ዓይኖቹ ወደ ጣራው ተሰቀሉና አልወርድ አሉ። መንጋጋው ተቆልፎ «እትዬ» ብቻ ለማለት ይታገላል። ሞተ ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቶች አንሥተውት በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው።

ተረኛው የአእምሮ ሕክምና ነርስ ወጣት ነው። አንድ ጊዜ አየውና ሳይጠይቅ መርፌ አዘጋጀ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰ፣ ዓይኑም ወረደ።

«ምን ነበር የሚወስደው?» አለኝ።

ከቦርሳዬ የተጠቀለለውን ኪኒን አውጥቼ ሰጠሁት። አገላበጠውና «ስሙ የታለ? ማዘዣውስ?» አለኝ።

«ማዘዣ አልተሰጠንም።»

«ማን ነው የሚያክመው?»

ስሙን ነገርኩት። ነርሱ ኪኒኑን መልሶ ጠቀለለው። ሰው ላይ ክፉ ላለመናገር ቃል እየመረጠ መሆኑ ያስታውቃል። «የሙያ ፈቃዱ ላይ ምን ይላል?» አለኝ። አለማየቴን ስነግረው አልተቆጣኝም። «እኔ ራሴ ነርስ ነኝ» አለ። «የአእምሮ ሕክምና ተምሬያለሁ፣ ሳይካትሪስት ግን አይደለሁም። ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሐኪም ሆኖ፣ ከዚያ በላይ ለዚህ ብቻ ሌላ ዓመታት የተማረ ነው። ጋውን ሁላችንም እንለብሳለን፤ ልዩነቱን የሚነግርሽ ወረቀቱ ነው። መጠየቅ መብትሽ ነው።»

ወረቀቱ ነው አለኝ፤ ለእኔ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግሥቱ ወደዚያ ቤት ሄድኩ። አሁን ወረቀቶቹን ቆሜ አነበብኳቸው። አንዱ የሦስት ቀን ሥልጠና መካፈሉን ይገልጻል። ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ለሠራበት የተሰጠ ምስጋና ነው። ሦስተኛው ተደጋግሞ ኮፒ ከመደረጉ የተነሣ ማኅተሙ የጥላሸት እድፍ መስሏል። የሙያ ፈቃድ የሚባል የለም።

«የሙያ ፈቃድህን ላየው?» አልኩት።

«እኅት ዓለም፣ እኛ እኮ ዘመዳሞች ነን» አለኝ።

«ስለሆንን ነው የምጠይቅህ።»

ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም። «ኦርጅናሉ ባሕር ዳር ነው፤ እድሳት ላይ ነው» አለ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ስንት ዓመት ስሰማት ኖሬያለሁ። ገና ከሰውየው አፍ ሳትወጣ አውቃታለሁ። የጽዳት ሠራተኛ ሲቀጠር የስምንተኛ ክፍል ካርዱን ገልብጬ የማይ ሴት፣ ወንድሜን ግን ማንነቱን ለማላውቀው ሰው መርፌ አስረክቤዋለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።

የጤና ተቋማትን ወደሚቆጣጠረው ክፍል ሄጄ ጥቆማ አቀረብኩ። የተቀበለኝ ሰው በትሕትና «ደረሰኝ አለሽ? ማዘዣ አለሽ? ማስረጃ ይዘሽ ነይ» አለኝ። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ከሆስፒታሉ ማስረጃ አጽፌ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ አጣሪዎች ሲሄዱ ሰሌዳው ተነቅሏል፣ ቤቱ ተዘግቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ነርሱ ደብረ ታቦር ሳይካትሪስት እንዳለች ነግሮኝ ነበር። እዚያ ልንወስደው አባቴን ላሳምን ሄድኩ። አባቴ ግን በዚያኛው ነገር ልባቸው ተሰብሯል፤ «ሁሉም ያው ነው፣ ወደ ጠበላችን እንመለስ» አሉኝ።

«ጠበሉንም አይተው። ግን አስቀድሜ ወረቀቷን አጣራለሁ፤ ከዚያ እንወስደዋለን» አልኳቸው።

«ሐኪምን ምስክርሽን አምጪ ይባላል? ነውር አይደለም?»

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ፤ ያን ቀን ነው።

«አባዬ፣ እርስዎ ድጓ ስንት ዓመት ተማሩ?»

«ዕድሜዬን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጋይንት ተሻግሬ፣ ድጓ ከሚመሰከርበት ከቤተልሔም ደብር ገባሁና አስመሰከርሁ።»

«ሳያስመሰክሩ መጥተው ቢሆንስ?»

«ጉባኤ አልዘረጋማ። ማን እግሬ ሥር ይቀመጥልኛል? የማንም ልጅ ብሆን አይፈቀድልኝም።»

«የማንም ልጅ ቢሆኑ?» አልኳቸው።

አባቴ አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ወደ ማሳው ዞሩ። «እንግዲያ አጣሪ» አሉኝ።

አጣራሁ። ስሟን ሙሉውን ከነርሱ ተቀበልኩ። ፈቃድ ወደሚሰጠው ክፍል ደወልኩ፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፈኝ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት መዝገቡን ከፍታ ስሟን፣ ሙያዋን፣ ፈቃዷ የሚያበቃበትን ጊዜ አነበበችልኝ። ሁሉም ይኸው ነው። ሦስት ቀንና ጥቂት የስልክ ካርድ፤ ሰኔ ላይ ያልሰጠሁት ይህን ብቻ ነው።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት ሦስታችን አውቶቡስ ተሳፈርን። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። አባቴ ሲያዩዋት ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ፤ «ይቺ ልጅ?» የሚል ዓይን ነው። እኔ ስልክ ደውዬ ያረጋገጥኩ ቢሆንም አሁንም አላመንኩም። ገና ሳንቀመጥ «ይቅርታ፣ የሙያ ፈቃድዎን ማየት እችላለሁ?» አልኩ። ድምፄ የቢሮ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

ሐኪሟ አልተቀየመችም። ከመሳቢያዋ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። እስክጨርስም ጠበቀችኝ። ማኅተሙን አየሁ፣ ቀኑን አየሁ፣ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየሁ። ኦርጅናሉ ነው።

ከዚያ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ከማን ተማርሽ?» አሏት።

እኔ በኀፍረት ቀላሁ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ ሕክምናን የት እንደተማረች፣ ከዚያ የአእምሮ ሕክምናውን ለስንት ዓመት የት እንዳጠናች፣ ያስተማሯትን ፕሮፌሰር ስም ጠቅሳ ተናገረች።

«እሳቸውስ ከማን ተማሩ?»

የእሳቸውንም መምህር ነገረቻቸው። አባቴ ስሞቹን እንደ ድጓ መምህራን ሐረግ በቃላቸው እየያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ሁሉም ቢጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር» አለቻቸው።

አባቴ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «በል ይግዛው፣ ንገራት» አሉት።

ይግዛው ነገራት። ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። ስለ ስልኮቹ ነገራት፣ ስለ በሬዎቹ ነገራት፤ ለእኛ ያልነገረንን ሁሉ ነገራት። የሰጠችውን መድኃኒት ስም ጽፋ፣ ምን ሊያመጣበት እንደሚችል አስረድታ፣ የሚመለስበትን ቀን ቆርጣ ሸኘችን።

አልዳነም ማለት አልችልም፣ ድኗል ማለትም አልችልም። ኪኒኑን በሰዓቱ ይወስዳል። በዚህ ዓመት ራሱ ጠምዶ አረሰ። የቀኝ እጁ ግን እስካሁን ይንቀጠቀጣል። የትልሙ መሥመር እንደ ድሮው ቀጥ አይልም፤ ጎረቤት አይቶ ዝም ይላል፣ እኔም አይቼ ዝም እላለሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ገጠመኙን አልጽፈውም ነበር። ባለፈው ጥር አንዲት የስማዳ እናት ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። ከጎናቸው ነጠላ የተከናነበች ልጃቸው አለች። ልጅቱ አንገቷን ወደ አንድ በኩል አዘንብላ ነው የቆመችው፤ ፊቷ የደረቀ ነው። ያን ፊት አውቀዋለሁ።

«ኦርጅናሏ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ለስድብ አልነበረም፤ እውነተኛ ስሜ መስሏቸዋል።

«እኔ ነኝ እናቴ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ያ ዶክተር ከዚህ ተነሥቶ ወዲያ አርብ ገበያ በኩል ገብቶ ነበር። እዚያ እያመላለስሁ አስወጋኋት። አሁን ከዚያም ጠፋብን። ልጄም ይኸው እንዲህ ሆነችብኝ። ወዴት እንደሄደ አንቺ ሳታውቂ አትቀሪም ብዬ መጣሁ።»

ወንበር ሰጠኋቸው። ሰውየው ሐኪም እንዳልሆነ ነገርኳቸው። የደብረ ታቦሯን ሐኪም ስም ጻፍኩላቸው፣ ወረቀቷን እንዳየሁ፣ ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍል ደውዬ እንዳረጋገጥኩ ነገርኳቸው።

«በዓይንሽ አየሽው?» አሉኝ።

«በዓይኔ አየሁ።»

«የፊተኛውንስ?»

ልዋሻቸው እችል ነበር። «አላየሁትም ነበር» አልኩ።

«ታዲያ ወንድምሽን ለምን ሰጠሽው?»

«ዘመዳችን ነው ብለውኝ።»

እናትየዋ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ነጠላ አስተካከሉ። «እኛ ደግሞ» አሉኝ፣ «አንቺ ስለወሰድሽው ነው። ኦርጅናሏ ሳትመረምር አትወስድም አሉን።»

ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። አውቶቡስ ተራ ድረስ አብሬያቸው ሄጄ አሳፈርኳቸው። በዚያ ክረምት ከቢሮዬ በር ላይ ሆኜ በጣቴ ቤቱን ያሳየኋቸው ሰዎች ስንት እንደሆኑ ዛሬም ለማስታወስ እሞክራለሁ። የአንዳንዶቹን ፊት አገኛለሁ፣ ስማቸውን አላውቅም፤ ወደ እኔ ሲመጡ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም ነበር።